አምስት ቦርሳና አንድ ኪስ

በእኛ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ ዕቃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ወይ ሌባ ነው ወይ እኔ ነኝ።

ጠዋት ዳቦው በመስኮት ይገባል። ልብስም በመስኮት ይገባል፤ ማታ የቆሸሸው በዚያው ይወጣል። ጎንደር የሚሄድ ሰው ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ይሄዳል፤ ቢጃማው፣ የጥርስ ብሩሹና የደም ግፊት ክኒኑ ቀድመውት ደርሰው አልጋው ላይ ይጠብቁታል። ቁም ሣጥን ያለው ቤት መሥራት ከቀረ ቆይቷል። የእኔ ቤት አሮጌ ስለሆነ አንዲት ጓዳ ነበረችው፤ እሷንም መጥተው አፈረሱና መስኮቱን አሰፉልኝ። አመሰገንኳቸው። ማመስገን ግዴታ ነው፤ ካላመሰገናችሁ መስኮቱ አይዘጋም።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው አቅራቢው ነው። ረጅም ስም አለው፣ ሰው ግን አቅራቢው ነው የሚለው። ዕቃውን ይዘው በሰማይ የሚመላለሱትን በራሪ ማሽኖች ደግሞ ጭልፊት እንላቸዋለን። መጀመሪያ ላይ አቅራቢው የጠየቅነውን ያመጣ ነበር። ቆይቶ ሳንጠይቅ ማምጣት ጀመረ፤ ሰው ደስ አለው። ከዚያ ሰው መጠየቅ ተወ። መጠየቂያው ቁልፍ ሲነሣ ልብ ያለው እንኳ አልነበረም።

እኔ የውብዳር የምሠራው እዚያው አቅራቢው ቤት፣ ቅሬታ ክፍል ነው። «ጫማ አልፈለግሁም፣ ጫማ መጣልኝ» የሚል ሰው ሲገባ ጫማው ለምን እንዳስፈለገው አስረዳዋለሁ። አኩርፎ ገብቶ አመስግኖኝ ይወጣል። አለቆቼ ይወዱኛል።

ታላቅ እህቴ አትጠገብ ግን ሾላ ምንጭ ነው የምትኖረው፤ ከጣና በስተምዕራብ፣ ከግልገል ዓባይ ማዶ፣ ሁለታችንም የተወለድንበት መንደር። ወደዚያ የሚወስደው የአፈር መንገድ ነው። ጭልፊት እንደ ልቡ ከሚመላለስ ወዲህ መኪና ቀርቶበታል፤ ዳሩን ሣር በልቶታል። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ አቅራቢው አንድ ማስታወቂያ አስነገረ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ሰው ጭነት ያላደረሰበት መንገድ ከካርታ ይሰረዛል። መንገድ የሌለው መንደር ደግሞ መንደር አይባልም፤ ነዋሪው ተነሥቶ ከተማ ፎቅ ላይ ይሰፍራል። መንገዱን ለማዳን ደንቡ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንድ ሰው በራሱ ጉልበት ጭነት ይዞ ከዳር እስከ ዳር ይሂድ፤ በመንገዱም ላይ ከጭልፊት ምንም አይቀበል። አንድ ጠርሙስ ውኃ ከተቀበለ ጉዞው እንዳልነበረ ይቆጠራል።

እታለም ደወለችልኝ። አትጠገብን እታለም ነው የምላት።

«እኔ ፎቅ ላይ አልወጣም» አለችኝ። «የባሌ መቃብር እዚህ፣ ላሜ እዚህ፣ ሽንኩርቴ እዚህ። ምን ቆርጦኝ!»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ እታለም?»

«ጭነት ይዘሽ ነይ ነዋ!»

«ምን ጭኜ?»

«የፈለግሽውን! ድንጋይም ቢሆን! አንች ልጅ፣ ያባባን ኮርሳ ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ ልታረጅ ነው እንዴ?»

ስልኩን ስዘጋ ፈርቼ ነበር። እህቴ ሰውን ለምና አታውቅም፤ አሁንም ቁጣ አስመስላ ነው የለመነችኝ። ክረምቱ ሲገባ እሷን ከዚያ ቤት የሚያወጧት ሰዎች የእኔው መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ስታለቅስ የምታመለክተውም እኔ ጋ ነው።

ኮርሳው የአባታችን የእሽቅድምድም ቢስክሌት ነው። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ፣ ጎማው ግን ኮረኮንች የሚችል ወፈር ያለ። አባባ በእሱ ጎጃምን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞሯል ይባላል። እኔም እታለም ሰቀልሽው ትበል እንጂ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር እነዳዋለሁ፤ ባዶዬን። ቢስክሌት መንዳትማ አልተረሳም፣ ባሕር ዳር ነው እኮ። የተረሳው ቢስክሌት ላይ ዕቃ ማሰር ነው።

ስለ ቦርሳ ማሰብ በጀመርኩ ማግስት መስኮቱ ጮኸ። አቅራቢው ቦርሳ መርጦልኛል። አንድ መሐረብ አጣጥፋችሁ ብትከቱበት ይሞላል። ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር፤ «ለእርስዎ የሚበቃ» አለኝ። መለስኩት። በሌላ ቀለም መጣ። እንደገና መለስኩት፤ አሁን ከቦርሳው ጋር የጉልበት ማሰሪያ ጨምሮ ላከልኝ። ሥራዬ ስለሆነ ጨዋታው ይገባኛል፤ ሦስተኛውን ተቀብሎ የማያመሰግን ሰው የለም። እኔ መስኮቱን ክፍት ትቼው ወጣሁ።

ሐይቁ ዳር ለመዝናኛ ጀልባዎች ሸራ የሚሰፋ ሻረው የሚባል ሰው አለ። ቦርሳ ሰፍቶ አያውቅም። እኔም መርጬ አላውቅም። ስለዚህ እኩል ነበርን፣ ያም ጠቀመን፤ አንዱ ሌላውን «ዝም በል» ማለት አልቻለም።

«ከኋላ የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ እናስርና ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ከረጢት እናንጠልጥል» አለ ሻረው። «ያገኘሽውን መዶል ነው።»

ሐሳቡ ደህና ነበር። ችግሩ የአባባ ኮርሳ ፖርቶመጋላ የሚታሰርበት ብሎን ማስገቢያ የለውም። ሻረው ሊበሳው መሰርሰሪያ አነሣ፣ እኔ እጁን ያዝኩት። በዚህ ተኳርፈን አንድ ቀን ሳንነጋገር ዋልን። በማግስቱ ካርቶን ይዤ መጣሁ። ካርቶኑን በኮርሳው ሦስት ብረቶች መካከል ባለው ክፍተት አስገብቼ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመርኩና ቀደድኩት። ሻረው ሲያየው ኩርፊያውን ረሳ።

«ሆዱን ልናለብሰው ነው በይኛ!»

እንዲህ ተጀመረ። የሆድ ቦርሳ ካርቶኑን አክሎ ተቆረጠ፤ ስነዳ ጉልበቴን እንዳይፈገፍገኝ ሳሳ ያለ። ከመቀመጫው ሥር ወደ ኋላ የሚወጣ የጭራ ቦርሳ ሰፋን። ለመሪው ጥቅል ቦርሳ አሰብን፤ መጀመሪያ የሰፋነው ረዝሞ በሁለቱ ቀንዶች መሃል አልገባ አለ፣ በግድ ስናስገባውም የፍሬኑን ሽቦ ተጫነው። ፍሬን የማይዝ ቢስክሌት ይዞ ቁልቁለት መውረድ ስላላማረኝ ፈታንና አሳጠርነው። ከፊት ሹካው ግራና ቀኝም ሁለት ትንንሽ ቦርሳዎች አሰርን፤ እግሬ ሲዞር እንዳይነካቸው ከፍ አድርገን። አምስት ሆኑ። ሻረው የተረፈች ሸራ አገኘና ከመሪው ኋላ፣ ከላይኛው ብረት ላይ የምትቀመጥ ጭብጥ የምታህል ኪስ ጨመረ።

«ይቺ ለምን ትሆናለች?» አልኩት።

«እንጃ። ሸራው አሳዘነኝ።»

ቦርሳዎቹን ግቢ ውስጥ ኮርሳው ላይ አስሬ ስሞክር ጎረቤቴ እማማ ባንቺአየሁ በአጥር አዩኝ።

«የውብዬ፣ ወዴት ልትሄጅ ነው?»

«ሾላ ምንጭ፣ እማማ።»

«በቢስክሌት? ዕቃ ይዘሽ?» አሉ። ከዚያ ቤታቸው ገብተው፣ እየተጎተቱ ተመለሱ። እጃቸው ላይ ፈትለው ያከማቹት ነጭ ልቃቂት ነበር፣ አንድ እቅፍ ሙሉ። «ልጄ፣ ይቺን እዚያ ላለችው ለውድነሽ አድርሽልኝ። አብረን ነው ፈትል የጀመርን። አቅራቢውን ስለምነው ስንት ዘመኔ! ‹ውድነሽ ልቃቂት አያስፈልጋትም› ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አያስፈልጋትም።»

አሁን ይህን እንዴት እንቢ ይባላል? የምችል ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ከቁም ሣጥን ጋር አብሮ የጠፋ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አጥንቴ ውስጥ ነው ያለው። «እሺ እማማ» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። አቶ ቢሻው ከወይራ የተፈለፈለ ገበጣ ይዘው መጡ፤ ክብደቱ ድንጋይ ነው። ሾላ ምንጭ ላሉት ለአቶ ምናሉ ነው፤ ድሮ ሲጫወቱ ተጣልተው ገበጣውን ቀምተዋቸው ነበር፣ አሁን ይመለስላቸው ነው የሚሉት። ወይዘሮ ስንዱ ለአማቷ በሁለት ብልቃጥ አዋዜ አመጣች፤ አቅራቢው የሷን አዋዜ አያውቀውም፣ ስለማያውቀውም የለም። አንዱ ጎረቤት የሠርግ ፎቶ፣ አንዷ የዱባ ዘር፣ አንዷ ለልጅነት መምህሯ ሹራብ። ከዘመናት በኋላ ሰው ለሰው ዕቃ ሊልክ ነውና ግቢዬ በአንዴ ሞላ። ሰዎቹ አማረባቸው። ለሁሉም እሺ አልኩ። አውራ ዶሮ ይዞ የመጣውን ብቻ፣ እሱንም አንገቴን ደፍቼ፣ መለስኩት።

ስህተቱን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። የሰውን ዕቃ ከራሴ ጓዝ ላይ ደረብኩት። ድንኳኔ፣ ፍራሼ፣ ሁለት ቅያሪ ልብሴ፣ ያው ድሮ መንገደኛ ይይዘው የነበረው ሁሉ በየቦርሳው ስለነበር የቀረው ቦታ ጭራው ላይ ብቻ ነው። ገበጣውንም አዋዜውንም እዚያ አጨቅሁት።

ለሙከራ ወደ ቤዛዊት ዳገት ወጣሁ። ሰፈሩ ተከትሎኝ መጣ። ዳገቱ ላይ የፊት ጎማው ብድግ ብድግ ሲል ዝም አልኩት። ቁልቁለቱ ላይ ግን የጭራ ቦርሳው ግራ ቀኝ መወዝወዝ ጀመረ፤ ኮርሳው ጭራውን እንደሚቆላ ውሻ ሆነ። ፍሬን ያዝኩ፣ አልተመለሰም። ሄጄ ቦይ ውስጥ ወደቅሁ።

ከላይ አንድ ጭልፊት ወዲያው ደርሶ ቁስል ማሸጊያ ጣለልኝ። «ሸክም ለእርስዎ አይመከርም» አለኝ። ሰዎቹ ጠርዙ ላይ ቆመው አዩኝ።  እማማ ባንቺአየሁ ብቻ ወደ ቦዩ አጎነበሱና፣ «ግዴለም ልጄ፣ የኔን መልሽልኝ። ትቅር» አሉ።

ፊታቸውን አየሁት። እኔ በየቀኑ ቅሬታ ክፍል የማየው ፊት ነው፤ ተጽናንቶ የሚወጣ ሰው ፊት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

«አልመልስም» አልኩ ከነጭቃዬ። «የሚቀረው የኔ ነው።»

እዚያው መንገድ ዳር ቦርሳዎቹን በሙሉ ዘረገፍኳቸው። ድንኳኔን አወጣሁ፣ ፍራሼን አወጣሁ፣ ቅያሪ ልብሴን አወጣሁ። ለራሴ የዝናብ ልብስ፣ በሶ፣ ውኃና የጎማ መለጠፊያ አስቀረሁ። ከዚያ ከሻረው ጋር እንደ አዲስ ጀመርን። ከባዱ ገበጣ መሃል ላይ፣ ከእግሬ መካከል ቢሆንስ? ሻረው የሆድ ቦርሳውን ፈትቶ በገበጣው ልክ መልሶ ሰፋው። አዋዜው አንድ ብልቃጥ ከሹካው በግራ፣ አንድ በቀኝ ሆነና ሚዛን ጠበቀ። ዘሩና ፎቶው ከገበጣው ጎን ተሸጎጡ። ልቃቂቱ ግዙፍ ነው እንጂ አይከብድም፤ መሪው ላይ ተጠቀለለ። ጭራው ላይ ሹራቡና የዝናብ ልብሴ ብቻ ቀሩ፤ ቀበቶውን አጥብቀን ስናስረው ወዲያ ወዲህ ማለቱን ተወ። ትንሿን ኪስ ምን ልክተትባት ብዬ አሰብኩና ተውኳት።

ቤዛዊትን እንደገና ወጣሁ። እጄን አንሥቼ ወረድኩ። ሰፈሩ እልል አለ፤ ባለዶሮው ሰውዬ ሳይቀር።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ከከተማ እንደወጣሁ አንድ ጭልፊት ከጎኔ ዝቅ ብሎ ይበር ጀመር። «ደክሞዎታል» አለኝ። አልደከመኝም ነበር። እስከ ቀትር እንዳለ ቀጠለ፤ ቀትር ላይ እውነትም ደከመኝ። ፀሐዩ ከላይ፣ አቧራው ከታች፣ ጠርሙሶቼ ባዶ። ጭልፊቱ ቀደም አለና ጤዛ የሸፈነው ቀዝቃዛ የውኃ ጠርሙስ መንገዱ መሃል አስቀመጠ። ጠርሙሱን አየሁት። እንዳልክድ፣ በጣም አየሁት። ከዚያ መሪውን ጠምዘዝ አድርጌ በጎኑ አለፍኩ። ወደፊት ሌላ አስቀመጠ። እሱንም አለፍኩ። እስኪመሽ ድረስ መንገዱ ላይ ጠርሙስ ሲደረድርልኝ ዋለ፤ እኔም በመካከላቸው ስጥመዘመዝ። ኮርሳው አንዴም አልተወዛወዘብኝም። እንደዚያ ጠምቶኝ ሳለ ስለ ቦርሳዎቼ ኮራሁ።

ድንኳን ስለሌለኝ ሲመሽ የሰው ደጅ ቆምኩ። ብዙ ጊዜ ያልተባለ ነገር ነው፤ ቃሉንም ከአባባ ነበር የማስታውሰው። «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ።» በሩን የከፈተችው ሴት ደነገጠች። ወደ ሰማይ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ወደ ቦርሳዎቹ አየች። «ቤት የእግዜር ነው» አለች፤ አፏ ራሱ ነው ያለው፣ እሷም ገረማት። ውኃ በእንስራ ሰጠችኝ። ጭልፊቱ ጣሪያው ላይ ሆኖ ሲያጉረመርም አደረ። ከሰው እጅ የጠጣሁትን የሚከለክል ደንብ የለም።

በማግስቱ ግልገል ዓባይ ስደርስ ድልድዩ ተሰብሯል፤ የቀረው ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ሳንቃ ነው። ቦርሳዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ በትከሻዬ አሻገርኩ፣ በመጨረሻ ኮርሳውን። በሁለት ትልልቅ ከረጢት ቢሆን ኖሮ እዚያው እቀር ነበር። ሻረውን በልቤ ሰደብኩት፤ ይህን ሲሰማ «አምስት ይሁን ያልኩሽ እኔ ነኝ» እንደሚል አውቃለሁ።

ሾላ ምንጭ ስገባ መንደሩ በሙሉ መንገድ ላይ ነበር። ከፊት እታለም፣ ነጠላዋን አደግድጋ። ከጎኗ ዳሞት የሚባል ወጣት ቆሟል፤ ጉዞውን እንዲያረጋግጥ ከአቅራቢው የተላከ ሹም ነው። ፊቱ ምንም አይናገርም፤ እኔ ቅሬታ ክፍል የምይዘውን ፊት ይዟል።

«ከሰማይ የተቀበሉት ነገር አለ?» አለኝ።

«ጭልፊትህን ጠይቀው።»

ጠየቀው። ጭልፊቱ ራቅ ብሎ አጥር ላይ ተቀምጦ ነበር። «አልተቀበለችም» አለ።

«ጭነቱን ላየው እችላለሁ?»

ቦርሳዎቹን ከፈትኩ፤ ባለቤቶቹን በስማቸው ጠራሁ። ውድነሽ ልቃቂቱን ተቀብላ ፊቷን ቀበረችበት። «የባንቺአየሁ ነው፣ አከራረሩን አውቀዋለሁ» አለች፤ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ለስንዱ አማት የተላከው አዋዜ እዚያው ቆሞ በጣት ተቀመሰ። አቶ ምናሉ ገበጣውን አገላብጠው አዩትና፣ «ይሄ ቀማኛ! ሞተ ብዬ እኮ አዝኜለት ነበር» አሉ። ሳቃቸው መንደሩን አዳረሰ። ከዚያ አንዲት ጠጠር አንሥተው በእጄ አስያዙኝ። «ይቺን ስጭው። ተራው የሱ ነው በይው።»

ዳሞት ሁሉም ተቀብሎ እስኪያበቃ ቆሞ አየ። ሲናገር ድምፁ እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

«መንገዱ አለ» አለ። «ይቀራል።»

እልልታው ሐይቁን ተሻግሮ የሚሰማ ይመስለኛል። እታለም አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «ድንጋይ ይዘሽ ትመጫለሽ ብዬ ነበር እኮ፣ አንች እብድ!» እያለች ሳመችኝ፤ እኔም ሳለቅስ አላፈርኩም። አሸንፈናል። ማሸነፍ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ልመለስ ስነሣ አምስቱም ቦርሳዎች ሞሉ። ማር፣ ጌሾ፣ የደረቀ ዓሣ፣ ከውድነሽ ለእማማ ባንቺአየሁ ጥጥ፣ ለማላውቀው ሰው ጫማ። ሁሉንም በወጉ አሰርኩ፤ ከባዱ መሃል፣ ቀላሉ ጭራ፣ ሹካው ግራና ቀኝ እኩል። የአቶ ምናሉን ጠጠር ደረቴ ኪስ ከተትኩ።

መንደሩን እንደጨረስኩ ከኋላዬ ሰው ሲሮጥ ሰማሁ። ዳሞት ነበር። ጭልፊቱ እንዳያየው ይሁን እንጃ፣ ዛፍ ጥላ ሥር አስቁሞኝ እጁን ዘረጋ። መሐረብ ውስጥ የተጠቀለለ ፍሬ ነበር፤ ከምንጩ ዳር የለቀመው ሾላ።

«እትዬ የውብዳር… እናቴ ባሕር ዳር ናት» አለ። «አቅራቢው የሚያስፈልጋትን ሁሉ ያደርስላታል። እኔ የላክሁላት ነገር ግን የለም። ልጅ እያለሁ ይሄን ትለቅምልኝ ነበር።» ወደ ቦርሳዎቹ አየና ፊቱ ቀላ። «ሞልቷል አይደል? ግዴለም፣ ይቅር።»

«አይቀርም» አልኩት፤ ከመሪው ኋላ ያለችውን ትንሿን ኪስ ከፈትኩለት። ልክ ሆነ።

«ስሟን ንገረኝ» አልኩ። «ሳይጨፈለቅ በእጇ አስረክባታለሁ።»